ከገበያ የጠፋው ንጉሥ

ሳንጃ ላይ ዳማ ለመጫወት የሚያስፈልገው አንድ የካርቶን ክዳን፣ አንድ እስክሪብቶና ሃያ አራት ቆርኪ ነው። ከአዘዞ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሰሊጡ አገር የሚወርደው መንገድ የጎንደርን ብርድ ከተሳፋሪው ላይ አራግፎ የሚጨርሰው በዚህችው የታች አርማጭሆ ከተማ ነው። በሚያዝያ ቀትር ሥራ የሌለው ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ሥራ ያለውም ሥራውን ትቶ ጥላ ይፈልጋል። ከጥላው ሥር ደግሞ ሰሌዳ አለ። አንዱ ተጫዋች የዳሸን ቢራ ቆርኪ ይይዛል፣ ሌላው የአምቦ ውኃ። ሁለት ሰው ይጫወታል፤ ስምንት ሰው ያስባል።

«አያ፣ በቀኝ በኩል የምትበላ አለች እኮ!»

«አይቻታለሁ።»

«ካዩዋትማ ይብሏት እንጂ!»

«እሷን ብበላ ሦስት ይበላኛል። አንተ አርፈህ ሻይህን ጠጣ።»

ክርክሩ ከጨዋታው ይረዝማል። መብላት ግዴታ ነው ወይስ በውዴታ? የነገሠች ቆርኪ ስንት ቤት ትሄዳለች? የነካ ሰው ማንቀሳቀስ አለበት ወይስ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል? እያንዳንዱ ጥላ የራሱ ሕግ አለው፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ እንግዳም መጀመሪያ ሕጉን ጠይቆ ነው ቆርኪ የሚይዘው። ሕጉን ያወጣው ኩባንያ ስለሌለ ይግባኝ የሚባልበት የለም። ጎንደር ያለው የቢራ ፋብሪካ ነገ የቆርኪውን ቀለም ቢለውጥ የሚደርሰው ጉዳት የጥቂት ቀን መምታታት ነው። ዳማን «ከእንግዲህ አናትመውም» የሚል፣ መብቱን ለሌላ የሚሸጥ፣ ወይም ጎተራ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ የሚከት ሰው የለም።

ስለዚህ ለሳንጃ ዳማ ተጫዋች ማስረዳት የሚከብድ አንድ የሐዘን ዓይነት አለ፤ ጨዋታው ተቋርጦበት ያዘነ ሰው ሐዘን። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ጎልማሶች፣ ደመወዝተኞች፣ የልጆች አባቶች «ዓለማችንን ዘጉብን» ብለው ያለቅሳሉ። የተዘጋባቸው ዓለም ከመጀመሪያውም አልነበረም። መጽሐፉም መደርደሪያቸው ላይ እንዳለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባል ጨዋታ አወጡ። አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። አምስት ስድስት ሰው ጠረጴዛ ይከባል፤ አንዱ ይተርካል፣ የቀሩት በታሪኩ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይሆናሉ። ማታ እሳት ዳር ተረት የምታወራ አያት «ከዚያ ጅቡ መጣ» ስትል የልጅ ልጇ ብድግ ብሎ «እኔ ጦር ወረወርኩበት» ቢላት፣ እሷም «እስቲ ዳይስ ጣልና መምታት አለመምታትህን እንይ» ብትለው፣ ጨዋታው በአጭሩ እሱ ነው። ልዩነቱ ተረቱ የሚቀዳበት ቦታ ላይ ነው። ካርታው፣ ነገሥታቱ፣ አማልክቱ፣ የጠጅ ቤቱ ዋጋ ሳይቀር በመጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ዓለም ስም አለው፤ ስም ብቻም ሳይሆን ባለቤት አለው።

ከነዚህ ዓለማት አንዱ በ1991 የወጣው «ዳርክ ሰን» ነው። ፀሐይዋ ያረጀች፣ ባሕሩ የደረቀ፣ አስማተኛ አስማቱን በሠራ ቁጥር በዙሪያው ያለው ሣር አመድ የሚሆንበት አገር ነው። ብረት እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ሰይፍ ከአጥንት ይሠራል። በሚያዝያ ከሳንጃ ወደ አብደራፊ የወረደ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ልብ ወለዱ ምኑ ላይ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። «ስፔልጃመር» የተባለው የ1989 ዓለም ደግሞ መርከቦች በከዋክብት መካከል የሚቀዝፉበት ነው። በ1994 የወጣው «ፕሌንስኬፕ» በሮቿ ወደ ሌሎች ዓለማት ሁሉ የሚከፈቱ ከተማ አለችው። በየመካከሉ ሌሎችም ነበሩ፤ አረብኛ ተረት የሚሸት በረሃ ያለው፣ ዘንዶ የሚጋለብበት፣ ተጫዋቹ ራሱ ንጉሥ ሆኖ ግብር የሚሰበስብበት።

ያወጣቸው ቲ.ኤስ.አር የተባለ ኩባንያ ነበር፤ የከሰረውም በከፊል በዚሁ ብዛት ነው። ዳርክ ሰንን የወደደ ሰው የስፔልጃመርን መጽሐፍ አይገዛም፤ ማተሚያ ቤቱ ግን ለሁለቱም እኩል ያስከፍላል። በ1997 በካርታ ጨዋታ የከበረ «ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት» የሚባል ኩባንያ ከነዕዳው ገዛው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የአሻንጉሊት አምራቹ ሃዝብሮ ገዢውን ገዛው። በዚህ ሁሉ መገለባበጥ ዳርክ ሰንን የመሳሰሉት ዓለማት ከኅትመት ወጡ። ዳርክ ሰን በ2010 አንድ ጊዜ ብቅ አለና እንደገና ጠፋ። ወዳጆቹም በሁለት ተከፈሉ፤ «ብቅ ያለው የኛ አይደለም» የሚሉና «ብቅ ማለቱስ ማን አየው» የሚሉ።

ጎንደር ውስጥ የርስት ሙግት ያየ ሰው የነዚህን ሰዎች ክርክር ቢሰማ አይደናገርም። የርስት ተሟጋች የመሬቱን የመጀመሪያ አባት ይጠራ፣ ከእሱ እስከ ራሱ ይቆጥር፣ በመሐል አንድ ስም የሳተውን ባላጋራ «ተረታህ!» ይለው ነበር። የጨዋታው ወዳጅም እንዲሁ ነው፤ «በመጀመሪያው እትም ይህ ንጉሥ አልሞተም፤ በሁለተኛው እትም የገደሉት ያለ አግባብ ነው» ብሎ በላ ልበልሃ ይገጥማል። ሁለቱን የሚለያቸው የርስቱ ተሟጋች ሲረታ መሬት ማግኘቱ ነው። የጨዋታው ወዳጅ ሙሉ ዘር ቆጥሮ፣ ገጽና አንቀጽ ጠቅሶ ቢረታም ርስቱ የሃዝብሮ ነው።

ፈጣሪዎቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ጋይጋክስ ራሱ «ግሬይሆክ» የተባለ የመጀመሪያ ዓለሙን ያጣው በገዛ ኩባንያው ውስጥ ነው፤ በ1985 ሥልጣኑን ተነጠቀ፣ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፣ ዓለሙ እዚያው ቀረ። «ድራገንላንስ» የተባለውን ዓለም በ1984 ያስጀመሩት ማርጋሬት ዋይስና ትሬሲ ሂክማን ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ ልብ ወለድ ሊጽፉበት ከባለቤቱ ጋር ተዋውለው፣ ኩባንያው ውሉን አፍርሷል ብለው በጥቅምት 2020 ከሰሱ። ታኅሣሥ ላይ ክሱን አነሡ፤ መጽሐፉም በ2022 ወጣ። ራሳቸው የቆረቆሩት መንደር ለመግባት ጠበቃ ማቆም ነበረባቸው።

ከሁሉም የሚያስቀው ግን የ«ዋርሃመር» ነገር ነው። ይህ በትናንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የእንግሊዞች የጦር ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ምስሉን ይገዛል፣ ይገጣጥማል፣ በቀጭን ብሩሽ ቅንድቡን ሳይቀር ይቀባል፤ አንድ ጦር ለማሰለፍ ወራት ይፈጃል። በ2015 አምራቹ ኩባንያ ጨዋታው የሚካሄድበትን አሮጌ ዓለም በታሪኩ ውስጥ አፈነዳውና በሌላ ተካው። አንድ የተናደደ ተጫዋች ለዓመታት የሰበሰበውን ጦር እሳት ለቆበት፣ ሲቃጠል ቀርጾ ለሕዝብ አሳየ። በኅዳር 2019 ኩባንያው «አሮጌው ዓለም ይመለሳል» ብሎ አወጀ፤ በጥር 2024 ተመለሰ። ምስሎቹ እንደገና ለገበያ ቀረቡ፤ በአዲስ ዋጋ። አመድ ይዞ ሄዶ ካሣ የሚጠየቅበት መስኮት ግን አልተከፈተም።

እዚህ ላይ ሳንጃ ጥላ ሥር ያሉት ስምንት አሳቢዎች አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አይቀሩም። የጨዋታው ወዳጅ መጽሐፉን ገዝቷል። ቤቱ ውስጥ ነው። ማንም መጥቶ አልወሰደበትም። ጓደኞቹ አሉ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ዳይሱ አለ። ታዲያ ማን ምን ከለከለው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሙሉ መልስ ግን አይደለም። የተቋረጠ ጨዋታ ወዳጅ የሚያጣው ያለውን አይደለም፣ የሚመጣውን ነው። አዲስ መጽሐፍ ካልወጣ አዲስ ሰው አይገባም፤ አዲስ ሰው ካልገባ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ያው አምስቱ ናቸው፤ ከአምስቱ አንዱ ያገባል፣ አንዱ አገር ይለውጣል፣ አንዱ ወገቡን ያመዋል። ከዚያ ሁለት ሰው መጽሐፍ ይዞ ይተያያል። ባለቤቱ ደግሞ ራሱ አያትምም፣ ሌላ ሰው ላትም ሲል «የኔ ነው» ይላል። የራሱን የማያርስ፣ ጎረቤት ሲያርስ ግን ድንበር ለክቶ የሚሟገት ባለርስት ስንት አለ!

ደግነቱ ወዳጆቹ አንዳንድ ጊዜ ያሸንፋሉ። በጥር 2023 ዊዛርድስ ከ2000 ጀምሮ ማንም ሰው በጨዋታው ሕግ ላይ ተመሥርቶ የራሱን መጽሐፍ እንዲያወጣ የፈቀደበትን ውል ሊለውጥ ማሰቡ ሾልኮ ወጣ። ተጫዋቹ አደመ፤ ወርኃዊ ክፍያውን የሰረዘው ብዙ ነው። ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ዋናውን የሕግ ሰነድ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ዳማ ተጫዋች ይህን ቢሰማ ለምን እንደተደሰቱ ላይገባው ይችላል፤ እሱ እንዲህ ያለ ነፃነት ከቆርኪው ጋር በነፃ ነው ያገኘው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ቅብጠት ከመሰለ ወደ ቤት መመለስ ይበቃል። «ከገበያ የጠፋ» የሚለውን ቃል ያላወቀ አማርኛ አንባቢ የለም። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ቃሉን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ ነው፤ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይከተላል። ብዙ ጊዜ ከጠፉት መካከል አንዱ የዚያኑ ዕለት ከድንኳኑ ሥር ካለ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገኛል። አንባቢውም «ጠፍቷል» ሲባል ተስፋ አይቆርጥም፤ መደራደር ይጀምራል። መጽሐፍ በኪራይ በሚነበብበት ዘመን የነበረ ሰው ደግሞ የባሰውን ያውቃል። መጽሐፉ አለ፣ የመጨረሻው ገጽ ግን የለም፤ ከርሱ በፊት የተከራየ ሰው ገንጥሎታል። ጀግናው ይሙት ይዳን ለማወቅ ሰፈር ውስጥ ያነበበ ሰው ይፈለጋል፤ የተገኘው ሰው ደግሞ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ሻይ ያስጋብዛል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የዚህ ሁሉ አለቃ ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ወጣ፤ አሥመራንና የቀይ ኮከብ ዘመቻን ዳር ዳሩን ሳይሆን መሐል ለመሐል ስለነካ ሳይውል ሳያድር ከመደብር ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ያኔ ለቁጣ ደብዳቤ የሚጻፍበት አድራሻ አልነበረም፤ አንባቢው የሠራው ሌላ ነገር ነው። የተረፉት ቅጂዎች በጋዜጣ ተሸፍነው ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፣ ፎቶ ኮፒ ተደረጉ፣ ዋጋቸው ሰማይ ወጣ። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጣ። የዳርክ ሰን ወዳጆች ሠላሳ ዓመት ያለቀሱለትን ነገር የኦሮማይ አንባቢዎች በሹክሹክታ ሠርተውታል፤ የነሱን ያህል አለማለቃቀሳቸው ጀግንነት ብቻ አይደለም፣ ጮክ ብሎ ማልቀስም ያስጠይቅ ስለነበር ነው።

በሰላሙ ጊዜ የተወደደውም ቢሆን ባለቤት አለው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዘመድ አደረጋቸው። ጎንደሬው ሳይቀር ለማንኩሳ ሰዎች ያለቀሰበት ጊዜ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጎጃም በቀላሉ የሚሰጥ ነገር አይደለም። «ጉዱ ካሣ ዛሬ ቢኖር ምን ይል ነበር?» የሚለው ወግ በየቤቱ ስንት ማታ አስመሽቷል። እንዲህ እያሉ ማምሸት በነፃ ነው። ጉዱ ካሣን አንሥቶ በስሙ አዲስ ልብ ወለድ አሳትማለሁ የሚል ሰው ግን አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ማንበብ አለበት፤ የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ሂሳቡን አንባቢ ይሥራው፤ በልጅ ልጆቹ ዕድሜ ይደርሳል። በዓሉ ላይ ግን ሂሳቡ ራሱ ይሰናከላል። የሞተበት ቀን ያልታወቀን ደራሲ ሃምሳ ዓመት ከየትኛው ማለዳ ጀምሮ መቁጠር ይገባል? እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቃል።

ሕያው ደራሲ ያላቸው ተከታታይ መጻሕፍት ደግሞ የራሳቸው ጭቅጭቅ አላቸው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ወጣቱን ጣና ገዳማት ውስጥ ምሥጢር ፍለጋ ሲያዞረው ከከረመ በኋላ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉ። የመጀመሪያው ይበልጣል፣ የለም ሦስተኛው ነው የሚለው ሙግት ከፈረንጆቹ የእትም ጠብ በምንም አይተናነስም። አንባቢ ሁሉ ደራሲውን ከደራሲው የበለጠ የማውቀው እኔ ነኝ ይላል። ይህ በሽታ ከሆነ ዓለም አቀፍ ነው።

እስካሁን የተነሡት ሁሉ የሚሰደብ ሰው አላቸው። ሃዝብሮ ይሰደባል፤ ደርግ ይሰደባል፤ የመጨረሻውን ገጽ የገነጠለው ሰውዬም በሌለበት ይሰደባል። የሚሰደብለት ያጣ፣ ከሁሉም ይበልጥ የተቋረጠ ጨዋታ ግን የራሳችን ነው፤ ሰንጠረዥ።

ሰንጠረዥ የኢትዮጵያ ቼዝ ነው፤ ከፋርስና ከአረብ አገር የመጣው የጥንቱ ቼዝ ሌላው ዓለም ሕጉን ካሻሻለ በኋላም እዚህ እንደነበረ ሲጫወቱት ኖረዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ መዝግቧል። ከሁሉ ይልቅ ለጎንደር የሚቀርበው ግን ዋልተር ፕላውደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 መጥቶ፣ በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ፣ በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ እዚያው ጎንደር ሞተ። ማስታወሻውን ወንድሙ በ1868 አሳተመው፤ ስለ ሰንጠረዥ አጨዋወት ከቀሩልን ምስክርነቶች አንዱ በእሱ ውስጥ ነው። ቆንስሉ የአገሩን ጥቅም ስለማስከበሩ ማንም አያስታውሰውም፤ ስለ ሰንጠረዡ ግን ዛሬም ይጠቀሳል።

ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር አልነበረም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥለት ስልሳ አራት ቤት ተደርጎ ይከፈላል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠሩ ነበር። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር አይጠርግም፤ አንድ ቤት ብቻ፣ በሰያፍ፣ ቀስ ብሎ ነው። ፊል ሁለት ቤት በሰያፍ ይዘላል። ደር እንደ ዛሬው ግንብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መደቅ አንድ አንድ ቤት እየረገጠ ይገፋል፤ ጫፍ ሲደርስም የሚሾመው ፈርዝ ነው፣ ከዚያ በላይ ሹመት የለም።

ከሌላው ዓለም ቼዝ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ሰሌዳው ላይ ያሳርፉና እንደ ፍጥነታቸው ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው ያንን አይቶ ደሩን ያዞራል፣ ያኛው እሱን አይቶ መልሶ ያዛውራል። እጅ ከእጅ ይጋጫል። ይህ የሚያበቃው የመጀመሪያዋ ጠጠር ስትበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። ዙሪያውን የተቀመጠው ተመልካችም ዝም ብሎ አያይም ነበር፤ ምክር ይሰጣል፣ ይጮኻል። ስለዚህ የሳንጃዎቹ ስምንት አሳቢዎች የመጡት ከረጅም የዘር ሐረግ ነው ማለት ይቻላል።

አሸናፊነቱም ወግ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ አያስመሰግንም፤ ጉልበት ያለው በጉልበቱ ቢያሸንፍ ምን ይደንቃል? የሚያስጨበጭበው በትናንሾቹ፣ በፊልና በመደቅ መያዝ ነው። ባላጋራው ንጉሡና አንዲት ጠጠር ብቻ ከቀሩት ያቺ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ማሸነፍ ግድ ነው። ጭራሽ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ አይያዝም። ጭፍሮቹ ሁሉ ያለቁበትን ሰው ተሯሩጦ ማነቅ ነውር ነው።

ይህ ጨዋታ ወደ እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ፣ ጣልያን አገሩን በወረረበት ዘመን አካባቢ፣ ከሰው እጅ ጠፋ። የሰረዘው ኩባንያ የለም፣ የከለከለው አዋጅ የለም። ንብረቱን የተቆጣ ወዳጅ አላቃጠለም። ፈርዙ ለምን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል ብሎ የተጣላ ወገን አልተሰማም። መኳንንቱ ተበተኑ፣ ልጆቻቸው የአውሮፓውን ቼዝ ተማሩ፣ ጠጠሮቹ ሣጥን ገቡ፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሪቻርድ ፓንክረስት የመንገደኞቹን ማስታወሻና የአዋቂዎችን ቃል አሰባስቦ የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባያወጣ ኖሮ የቀረንም በቀረ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዛሬ ወረራን ሞክሮ የሚያውቀው ጎንደሬ ሳይሆን እንግዳ ቼዝ የሚሰበስብ የውጭ አገር ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ፍርዱ ይሰጥ። የዳርክ ሰን ወዳጅ ሊያሳትም ይፈልጋል፣ ባለቤቱ አይፈቅድለትም። የሰንጠረዥ ባለቤት የለም፣ ማንም ሊያሳትም ይችላል፣ የፈለገ ግን አልተገኘም። ከሁለቱ የቱ ይብሳል ቢባል የዚህ ጽሑፍ ድምፅ ለሁለተኛው ነው። ባለቤት የያዘበት ሰው ቢያንስ በየዓመቱ ይናደዳል፣ ንዴቱን ለሌላው ያወርሳል፣ ሌላውም «ይህን ያህል የሚጣሉበት ምን ዓይነት ጨዋታ ቢሆን ነው?» ብሎ ይጠጋል። አሮጌው የዋርሃመር ዓለም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተመለሰው አንድም ኩባንያው ከንዴቱ ውስጥ ገንዘብ ስለታየው ነው። በሰንጠረዥ የተናደደ ሰው የለም። ዳማውን እንኳን ልብ ይሏል፤ የተረፈው ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ሰንጠረዥም ነፃ ነበር። የተረፈው በየቀኑ በሰሌዳው ላይ የሚጣላ ሰው ስላለው ነው፤ ጠጠሩ ደግሞ የዝሆን ጥርስ ሳይሆን ቆርኪ ነው።

ታዲያ ነገሩ ከባድ አይደለም። ከጎንደር ወጣ እንዳሉ ወለቃ ላይ አንበሳና ንጉሥ ከሸክላ የሚሠሩ እጆች አሉ፤ ቱሪስት ሲገዛቸው ኖሯል። ከተማው ውስጥ እንጨት የሚጠርብ አናጢ ሞልቷል። ቀይ ጨርቅ ቅዳሜ ገበያ ይገኛል፣ ጥለቱን ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። አቅሙ ያለው ትምህርት ቤት ወይም ወጣት ማኅበር የፓንክረስትን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም፤ አቅም የሌለው ደግሞ በካርቶን ይጀምር፣ ለመደቅ የአምቦ ቆርኪ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ደር፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ፊል፣ ስምንት መደቅ ያስፈልጋል፤ ለሁለቱ ወገን ሠላሳ ሁለት ጠጠር ነው። ፈቃድ የሚሰጥም የሚከለክልም አካል የለም።